የአሸዋው ድርሻ

ኦትሲዋ ለዓሣ የተፈጠረች ሴት አልነበረችም። ያደገችው ከባሕሩ ርቆ ባለው፣ ካሳቫ የሚባለው ሥራ ሥር በሚበቅልበት የካሳቫ አገር ነው፤ እዚያ ዓሣ ማለት በገበያ ቀን ከቅርጫት የሚወጣ፣ በጢስ የጠቆረ፣ የገዛ ጭራውን ነክሶ የተጠቀለለ ነገር ነው። ክዋሜናን አግብታ ባሕር ዳር ወዳለው መንደራችን ወደ ኤሱዋኖ ስትመጣ፣ ዓሣ በሕይወት ሳለ ቀጥ ያለ ፍጡር መሆኑን ማየቷ ራሱ አስገርሟት እንደነበር እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ባሏም ቢሆን እንደ ሰው ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። ክዋሜናን ባሕር ያጥወለውለዋል። አባቱና ወንድሞቹ ታንኳ ላይ ያደጉ ሆነው ሳለ፣ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞገዱን አልፎ የወጣ ዕለት ቁርሱን ብቻ ሳይሆን የማታውን እራቱን ጭምር ለባሕሩ አስረከበ። የታንኳው ሰዎች ያን ቀን ብዙ ዓሣ ስለያዙ፣ ነገም ይዘነው እንውጣ፣ ጥሩ ማባበያ ነው ብለው ወደ አባቱ አማላጅ ላኩ ይባላል። ክዋሜና ግን በጄ አላለም። ከዚያ ወዲህ ኮኮናት ጥላ ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። በሥራው የሚያማው የለም፤ ሞገዱን ትክ ብሎ ካየ ግን አሁንም ፊቱ አመድ ስለሚመስል፣ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ ነው የሚሠራው።

በኛ በኤሱዋኖ መረብ የሚሳበው ከአሸዋው ላይ ነው። ታንኳዋ የአንዱን ጫፍ ገመድ ለሰው ትታ ትወጣለች፣ መረቡን እየዘረጋች ዞራ ሌላውን ጫፍ ይዛ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወንድ ሴቱ በሁለት ወገን ተሰልፎ እየዘፈነ ይጎትታል። የመረቡ ሆድ አሸዋውን ሲነካ ስም ያለው ዓሣ፣ ሳርዲኑም ማኬሬሉም፣ ወደ ቅርጫት ይገባል፤ ለመረቡ ባለቤት፣ ለታንኳዋና ለጎታቹ ይከፈላል። የቀረው፣ ማንም ያልፈለገው፣ ባሕሩ ምራቂ አድርጎ የጨመረው፣ ዳር ላይ ይጣላል። የአሸዋው ድርሻ ይሉታል። የአሸዋው ድርሻ የአንዲት ሴት ነው፤ እሷም የአሸዋው ሚስት ትባላለች።

ደንቡ ግልጽ ነው፣ ምርጫ ግን አይሰጥም። የአሸዋው ሚስት የተጣለውን በሙሉ ታነሳለች። ሸርጣኑን ካነሳች እንደ ንፍጥ የሚዝለገለገውን፣ የነካውን ሁሉ የሚያቃጥለውንም ታነሳለች፤ ደህና ደህናውን ለቅሞ መሄድ የለም። በተለይ ማክሰኞ። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ መረብ የሚያረጥብ፣ ገመድ የሚነካ የለም። ዳርቻው ንጹሕ ሆኖ መዋል አለበት፣ ጠራጊዋም እሷው ናት። በዚያ ቀን አሸዋው ላይ የተገኘ ሁሉ፣ ግንድም ይሁን ጫማ፣ የሷ ነው።

ከኦትሲዋ በፊት የነበሩት አሮጊት ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሥራውን የሚረከብ ጠፋ። ሌሎቹ ሴቶች የሳርዲን ነጋዴዎች ናቸው፤ የሳርዲን ነጋዴ ደግሞ ጎንበስ ብላ ምራቂ ስትለቅም መታየት አትወድም። ኦትሲዋ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት፣ ነውር መሆኑን የነገራት የለም። ክምሩን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ነው የሚጥሉት ብላ ጠየቀች። ሰው ሳቀ። እሷ ሳቁን እንደ እሺታ ቆጥራ ሳፋዋን ልታመጣ ሄደች።

ሸርጣኑን ለሾርባ ሻጮች ወሰደች። በጣት የማይያዘውን ደቃቃ ዓሣ አድርቃ፣ ከደረቅ ቃሪያ ጋር ወቅጣ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን የበቆሎ ዶኮኖ ለሚሸጡ ሴቶች አቀረበች፤ ዛሬ በኤሱዋኖ ያለሷ ዱቄት ዶኮኖ የሚወርድለት ሰው የለም። ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የጠነከረውን ዓሣ ገፍፋ፣ ሥጋውን በጢስ አድርቃ ዶሮ ነው ብላ ለወንድሟ ላከች። ወንድሟ ጥርግ አድርጎ በላና፣ ዶሮው ግን ክንፉን የት ጥሎት ነው ብሎ ጠየቀ። ቆዳውን ድስት መፈግፈጊያ አደረገችው። ሲቆጣ እንደ ኳስ የሚነፋውን መርዘኛ ዓሣ ውሻ እንዳያወጣው አርቃ ቀበረች። የሚያቃጥለውን ዝልግልግ ኮኮናቶቹ ሥር ቀበረችው፤ የሚገርመው ኮኮናቶቹ ወደዱት። ጫማዎቹን አጥሯ ላይ ሰቀለች። ባሕሩ የሚያመጣው ጫማ ለምን የግራ እግር ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ከጎረቤት ከተማ ቀኝ እግሩን ያጣ አንድ ጡረተኛ ወታደር ቋሚ ደንበኛዋ ሆነ፣ ሲመጣም እንደ ሱቅ ሰው ቀለም ያማርጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ትልቅ የጭቃ ማጨሻ ምድጃ ሠራች፣ ሴት ልጇን አስተማረች፣ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰች። ነጋዴዎቹ ግን መሳቃቸውን አልተዉም። በተለይ ባዋ፣ የሳርዲን ዋጋ በሷ አፍ ካልተጠራ የማይጸናላት ሴት፣ ክዋሜናን ባየችው ቁጥር ሚስትህ ዛሬም ከውሽማዋ ከአሸዋው ጋር ናት ወይ ትለዋለች። ክዋሜና ከመረቡ ቀና ሳይል፣ አዎ፣ እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም ትላለች ብሎ ይመልሳል።

ነገር የመጣው ሽማግሌው ባይዱ ሲሞቱ ነው። የትልቁ መረብና የታንኳዋ ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ መረብ ደግሞ በኛ ዘንድ የሚተላለፈው ለእህት ልጅ ነው። የእህታቸው ልጅ ዮፊ ቴማ ከተማ የስልክ ሽፋን ሲሸጥ ኖሮ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችኩል ልጅ ነው። ገና ገመዱ የት ጋ እንደሚያዝ ሳያውቅ፣ ከአንድ የዶሮ መኖ ሠሪ ጋር ተዋውሎ ነበር። ሰውየው የጭነት መኪና ይልካል፤ ሳርዲን ያልሆነውን ሁሉ ሳይመርጥ፣ ቀላቅሎ፣ በሚዛን ይገዛል።

በመጀመሪያው ቀን ኦትሲዋ ሳፋዋን ይዛ ስትመጣ የዮፊ ሰዎች ምራቂውን በጆንያ እየሞሉ ነበር። ዮፊ መነጽሩን አውልቆ፣ በትሕትና፣

"አክስቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምራቂ የሚባል ነገር የለም" አላት። "መረብ ውስጥ የገባ ሁሉ ዓሣ ነው።"

ኦትሲዋ በእግሯ አንድ የተቀደደ ነጠላ ጫማ ወደሱ ገፋ አደረገች።

"ይሄስ?"

"እሱንም ይመዝኑታል" አለ ዮፊ።

ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቁ አብሯት አልገባም። የምድጃዋ አመድ ቀዘቀዘ። ዶኮኖ ሻጮቹ ዱቄቱ መቼ ነው እያሉ ልጅ ላኩባት። ክዋሜና መረብ በመጠገን የሚያገኘው ለራሱ ትምባሆና ለክር ነው የሚበቃው። ከካሳቫ አገር ደግሞ የወንድሟ ሚስት ወሬው ደርሷት፣ በታክሲ ሹፌር እጅ መልእክት ላከች፤ ኑ፣ ቤታችን ቤታችሁ ነው፣ የዓሣው ሽታ እስኪለቃችሁ ከፍየሎቹ አጠገብ ያለችውን ክፍል አስለስኛለሁ የሚል። ኦትሲዋ መልእክቱን ደጋግማ አሰበችው። ያች ሴት ከፊቷ ቆማ እየሳቀች ካሳቫ ስታስልጣት ታያት። የዝናቡ ወቅት ሳይገባ የአሸዋው ድርሻ ካልተመለሰ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ዮፊን ማክሰኞ ከሰሰችው። ማክሰኞ ሰው ሁሉ ባሕር ስለማይወጣ፣ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ኤጅር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ናና ሲያስቡ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ፤ ኦቾሎኒው ካላለቀ ፍርድ የለም፣ ከባድ ነገር ያለበት ሰው ትንሽ ኦቾሎኒ ይዞ ይመጣል።

ኦትሲዋ ደንቡን ተናገረች። አሸዋውን እያጸዳሁ በምን ልኖር ነው አለች። ዮፊ ተነሳና ረጅም ንግግር አደረገ፤ መረቡ የኔ፣ ታንኳዋ የኔ፣ ድካሙ የኔ፣ እንግዲህ በመረቡ የተያዘው የማን ሊሆን ነው አለ። ሰው ሲያጉረመርም ጊዜ ደሙ ሞቀና ጨመረ፦

"እኔ የያዝኩት የኔ ነው። ያልያዝኩትን ትውሰድ። ዓሣ ነባሪም ይሁን፣ እኔ ካልያዝኩት ትውሰደው፣ አንድ ቃል አልናገርም።"

ናና እስቲ ድገመው አሉት። ደገመው። በባሕሩ ውኃ አጽናው አሉት። ዮፊ እንደ ደንቡ የባሕር ውኃ በእፍኙ ይዞ መጥቶ ጎንጨት አለና ለረጅም ጊዜ ሳለ። ናና የመጨረሻዋን ኦቾሎኒ ፈልፍለው እንዲሁ ይሁን አሉ፤ የተያዘው የባለመረቡ ነው፣ ያልተያዘው የአሸዋው፤ የማክሰኞው መጥረግ ግን እንደ ጥንቱ ይቀጥላል።

ይህ ማለት ለኦትሲዋ ግንድና ጫማ ቀረላት ማለት ነው። ወደ ቤት ስትሄድ ባዋ እንኳን አልቀለደችባትም፣ ይህም ይበልጥ አስከፋት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ መረቡ ከወትሮው ከበደ። አመሻሹ ላይ ነበር፤ ሰዎቹ ጎተቱ፣ ዘፈኑ፣ እንደገና ጎተቱ። ዓሣው ብዙ ነው የሚለው አለ፣ ድንጋይ ነክሶታል የሚለው አለ። ሁለቱም እየተከራከሩ ሳለ አንዱ ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ አንድ ሰልፍ ሰው ሙሉ በጀርባው ወደቀ፣ ሌላኛውም ገመድ ከእጃቸው አመለጠ። ፀሐይ ከጠለቀች በኤሱዋኖ ማክሰኞ ገባች ማለት ስለሆነ፣ ዮፊ ታንኳ ይውጣ እያለ ቢጮህም የሚሰማው አላገኘም። ሰው ጀርባውን እያሸ ወደየቤቱ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ኦትሲዋ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወርድ ባሕሩ በረድ ብሎ ነበር። አሸዋው ላይ መረቡ ተጋድሟል። ማንም ሳይስበው፣ ሞገዱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ አውጥቶ ትቶታል፤ ሆዱ እንደ ደረሰች እርጉዝ ተነፍቷል፣ በየቀዳዳው የሳርዲን ብር ብልጭ ብልጭ ይላል። ኦትሲዋ እንዲህ የሞላ መረብ አይታ አታውቅም። ቀረብ ብላ አየችው። አንድ ትልቅ የባሕር ኤሊ በመረቡ አፍ አንገቱን አውጥቶ፣ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ዓይነት አያት።

ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን እንዳሰማው አይታወቅም፤ ኤሱዋኖ በሙሉ ወረደ። ዮፊ በመጨረሻ ደረሰ፣ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በባዶ። መረቡን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እየሮጠ ሄዶ ገመዱን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ቀኑ ትዝ አለው። እጁ አየር ላይ ቀረች።

ማክሰኞ መረብ የነካ ሰው የሚቀጣው አንድ በሬ ነው። በሬው እዚያው ታርዶ መንደሩ ይበላዋል፣ መረቡም ለወራት ይታሰራል።

"ንካው፣ የኔ ልጅ" አለች ባዋ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ። "ለምን ታፍራለህ፤ ያንተው መረብ እኮ ነው።"

"ትንሽ ዳሰስ ብታደርገው ምናለ" አለ አንድ ሽማግሌ። "እኔ ሥጋ ከበላሁ ቆየሁ።"

አንዲት ሴት ዘወር ብላ ልጇን ቢላዋ እንድታመጣ ላከች። ዮፊ እጁን ቀስ ብሎ ሰብስቦ ኪሱ ከተተው፣ ሁለተኛውንም ጨመረ፤ እጆቹ በራሳቸው ፈቃድ እንዳይወጡ የፈራ ይመስላል።

ናና ኤጅር ተጠሩ። ወንበራቸው መጣ፣ ኦቾሎኒው መጣ። እሳቸው ሲፈለፍሉ ሸርጣኖቹ ፍርድ መጠበቅ ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ከመረቡ ይወጡ ጀመር፤ ሰው መንገድ እየለቀቀላቸው በሰው እግር መካከል አለፉ። ዮፊ ሸርጣኖቹን በዓይኑ እየተከተለ ተናገረ። ዓሣውን የያዝኩት ሰኞ ነው አለ። ሰኞ ነው የተዘረጋው፣ ሰኞ ነው የገባው፤ ስለዚህ የኔ ነው፣ ረቡዕ እስኪሆን እንጠብቅና እወስደዋለሁ አለ።

በዚህ ፀሐይ እስከ ረቡዕ እንደማይቆይ ሁሉም ያውቃል፤ ያንን ያነሳው ግን የለም። ናና ሌላ ነገር ጠየቁ። ሰኞ ማታ ዓሣው የት ነበር አሉ። ባሕር ውስጥ ነበር አለ ዮፊ። ገመዱስ በማን እጅ ነበር? በማንም። ታዲያ ወደዚህ ማን አመጣው?

ሰው ዮፊን ያየዋል፣ ዮፊ ባሕሩን ያየዋል።

"ማክሰኞ ጠዋት መረብ ወደ አሸዋ የሳበ ሰው እንዳለ ልወቅ" አሉ ናና። "አንተ ነህ?"

"ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ናና" አለ ዮፊ ፈጥኖ። የበሬው ነገር ዓይኑ ላይ ነበር። "እኔ አልነካሁም። እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው።"

"አልያዝከውም?"

"ዛሬ አልያዝኩም። ባሕሩ ነው ያወጣው።"

"ባሕሩ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው፤ ላንተ ተቀጥሮ አይሠራም።" ናና አንዲት ኦቾሎኒ ወደ አፋቸው ወረወሩ። "ከያዝከው ማክሰኞ አጥምደሃል፣ በሬውን አምጣ። ካልያዝከው ደግሞ ባለፈው የባሕር ውኃ ጠጥተህ የተናገርከው አለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥልን፣ እኛ አንቸኩልም።"

ሸርጣኖቹ አለቁ። ኤሊውም ከመረቡ አፍ ተላቅቆ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ውኃው አቀና፤ ኦትሲዋ ሞገዱ ወደ ኋላ እንዳይመልሰው በመጥረጊያዋ ከኋላው ገፋ ገፋ አደረገችለት።

"አልያዝኩትም" አለ ዮፊ በመጨረሻ፣ ለራሱ ያህል ዝግ ብሎ።

ናና ጮክ በል አሉት። ጮክ አለ። እንግዲያው የአሸዋው ነው አሉ ናና፣ የአሸዋውም ሚስት ትጥረገው። በእጅ ግን አይነካም፤ ማክሰኞ የሚፈቀደው መጥረጊያ ብቻ ነው።

ሴቶቹ እልል አሉ። ኦትሲዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ያን ሁሉ ሳርዲን እያየች በሆዷ ሌላ ነገር ታሰላ ነበር። ይህን አጭሳ ትሸጠዋለች፣ ደህና ትሰነብታለች። ረቡዕ ግን ሌላ ቀን ነው። ረቡዕ ዮፊ በእጁ ይስባል፣ በእጁ ይይዛል፣ ጆንያው ይሞላል። አንድ ማክሰኞ ቤት አያቆምም። የወንድሟ ሚስት የለሰነችው ክፍል እንደሆነ ጭቃው አይደርቅም፣ ይጠብቃታል።

ያን ጊዜ ባዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ባዋ ሹክሹክታ አትችልም፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ። መረቡም እኮ አሸዋው ላይ ነው ያለው አለቻት።

ናና የሚፈለፍሉትን ትተው መረቡን አዩ፣ ከዚያ ኦትሲዋን አዩ፤ ሊክዱት የማይችሉት ነገር እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ዮፊ ከኪሱ እጆቹን አወጣ። ክዋሜና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ የቆመው ክዋሜና፣ እያጥወለወለውም ቢሆን ተናገረ፤ እባክሽ መረቡን እወስዳለሁ እንዳትይ፣ ማስጫ ቦታ የለንም አላት።

ኦትሲዋ መረቡን ዞራ አየችው። እያንዳንዱን ቋጠሮ ታውቀዋለች፣ ግማሹን የቋጠረው ባሏ ነው። መረብ ቢኖራት ማን ሊስብላት ነው? ታንኳ የላት፣ ሰው የላት። መረቡ ካልተሳበ ደግሞ ምራቂ የሚባል ነገርም አይኖርም።

"ዮፊ" አለችው፣ "መረቡ የኔ ነው ወይስ አይደለም?"

"ያንቺ ነው፣ አክስቴ" አለ ዮፊ።

"እንግዲያው ሰጥቼሃለሁ። ነገ ጠዋት ውሰደው። ግን እንደ አጎትህ ጊዜ አድርገህ ሳበው። ስም ያለው ላንተና ለጎታቹ፣ የተረፈው ለአሸዋው። ዛሬም፣ ነገም፣ እኔ ስደክም ከኔ ቀጥሎ ለምትመጣውም።"

ዮፊ ናናን አየ፣ ሰውን አየ፣ መረቡን አየ። ከዚያ ነጋዴነቱ ትዝ ብሎት፣ የዶሮ መኖው ሰውዬስ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ።

"እኔ ጋ ላከው" አለች ኦትሲዋ። "ለዶሮ የሚሆነውን ከማይሆነው ለይቼ እሸጥለታለሁ። ጫማ የበላች ዶሮ እንቁላል አትጥልም።"

ዮፊ ሳይታዘዝ ወደ ውኃው ወርዶ በእፍኙ ቀድቶ መጣ፤ ከዚህ በፊት የመጎንጨቱ ነገር አስተምሮት ስለነበር ይህን ጊዜ ምላሱን ብቻ አስነክቶ ማለ።

ከዚያ ጠረጋው ተጀመረ። እንደዚያን ቀን ያለ ጠረጋ ኤሱዋኖ አይቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓሣ አንዲት ሴት አትወጣውም፤ ኦትሲዋ መጥረጊያ ያለው ሁሉ ይምጣ፣ የጠረገ ይካፈላል አለች፣ ከየቤቱ መጥረጊያ ተነቀለ። መጥረጊያ ያጣ የኮኮናት ዝንጣፊ ይዞ መጣ። ሳርዲን ከመረብ አፍ በመጥረጊያ መጥረግ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ወደዚህ ሲሉት ወደዚያ ይፈናጠራል። ባዋ በእጇ ሳትነካ አንድ ሳፋ ለመሙላት ስትታገል ቀሚሷ እስከ ወገቧ አሸዋ ለበሰ፣ ቢሆንም እዚያ ጎንበስ ብላ መታየቷን የረሳችው ይመስላል። የዛሬው ዋጋ ስንት ይባል ብላ ኦትሲዋን ስትጠይቃት የሰሙ ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ዮፊም አንድ ጥግ ይዞ ጠረገ። ጎበዝ ጠራጊ ነበር፤ ቴማ በነበረ ጊዜ የተከራየበትን ግቢ የሚጠርገው እሱ እንደነበር ያን ቀን ነው የነገረን።

የኦትሲዋ ምድጃ ብቻ አልበቃም፣ ከየጎረቤቱ ምድጃ ተለመነ። ጢሱ እስከ ዋናው መንገድ ይታይ ነበር ይላሉ። ክዋሜና ለካሳቫ አገር ሰዎች የሚላከውን መልስ እንዴት እንበል ብሎ ሲጠይቃት፣ ክፍሉን ፍየሎቹ ይግቡበት በል አለችው፣ እንዲያው በአክብሮት።

ረቡዕ ጠዋት መረቡ ታጠበ፣ ገመዱ ተቀጠለ፣ ታንኳዋ ወጣች። እንደ ወትሮው ተዘፈነ፣ እንደ ወትሮው ተጎተተ። የመረቡ ሆድ ሲፈታ ከዓሣው መሐል ማንም ከዚህ በፊት ያላየው ነገር ወጣ፤ ራሱ ሰፊ፣ አፉ ከራሱ የሰፋ፣ መልኩ ከዛገ ቆርቆሮ የማይለይ። ክብደቱ ግን ደህና ነበር። ዮፊ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። ሥጋው ያምራል ብሎ ሊያስቀረው ፈልጓል፣ የማለውም መሐላ ይከነክነዋል።

"አክስቴ" አላት፣ "ይሄ እንግዲህ የማን ነው? ስም አለው ወይስ የለውም?"

ኦትሲዋ ሳፋዋን ይዛ ቀረበች። ዓሣውን ከራሱ እስከ ጭራው አየችው፣ አፉንም አየችው፣ የዮፊ አውራ ጣት ከአፉ ምን ያህል እንደምትርቅም አየች።

"እንደ ጠባዩ ነው" አለች። "ዝም ካለ ያንተ ይሁን።"

ዓሣው አፉን ከፈተና የዮፊን አውራ ጣት ግጥም አድርጎ ነከሰ። ዮፊ ዘለለ፣ እጁን አራገፈ፣ አሸዋው ላይ ዞረ፤ ገመዱን የያዙት ሰዎች ገመዱን ጥለው ተቀመጡ፣ በሳቅ። ዓሣው በመጨረሻ ለቆ ዳር ላይ ዱብ ሲል ኦትሲዋ ሳፋዋን አስጠግታ፣

"እንግዲህ የኔ ነው" አለች።